የአረንጓዴው ብስክሌት አንገት

መሪው ወደ ግራ ትንሽ ማዘንበሉን ያየሁት ልጄ ከግቢው ወጥታ አስፋልቱን ከያዘች በኋላ ነው። የፊት ጎማው ቀጥ ብሎ ይሄዳል፤ መሪው ግን እየሄደ የሱቅ መስኮት እንደሚያይ ሰው ወደ ጎን ያያል። ልዩነቱ የጣት ስፋት እንኳ አይሞላም። «ልትታጠፍ ነው» ብዬ አሰብኩ። መታጠፊያው ግን ገና ሩቅ ነበር። እጄን አውለበለብኩላት፤ ደመናውን ቀና ብዬ አየሁ፤ ከዚያ ገብቼ ሳህን ማጠብ ጀመርኩ።

ሰው ስለ እኔ የሚለውን አውቃለሁ። ባለቤቴ «አንቺ እኮ ሰው ሲያስነጥስ ሳጥን ታስለኪያለሽ» ይለኛል። «ስልክ ከጮኸ ሞት ነው፤ ካልጮኸም ሞት ነው። ታዲያ እኛ መቼ እንኑር?» በሃያ ሰባት ዓመት ትዳራችን ውስጥ ከፈራሁት ነገር አብዛኛው አልደረሰም። እሱ ይህን እየቆጠረ ይስቅብኛል። እኔ ደግሞ ያልደረሰው ስለፈራሁት ይመስለኛል።

ልጃችን አንድ ናት፤ ሃያ ስድስት ዓመቷ። መነጽር ቤት ነው የምትሠራው። መስታወቱን በልክ እየሞረደች ክፈፉ ውስጥ ትገጥማለች። ለእሷ ግማሽ ሚሊሜትር ማለት ለእኔ ግማሽ ሜትር ማለት ነው። አባቷ «ሚሊ» ብሎ አወጣላትና ሰፈሩም በዚያው ቀረ።

ብስክሌቱ የገባብን ከአምስት ዓመት በፊት ነው። አንድ የመንገድ ቅየሳ ድርጅት ሊዘጋ ሲል ዕቃውን በጨረታ ሸጠ። ልጄ የሄደችው የቢሮ ወንበር ልትገዛ ነበር። ከሰዓት በኋላ ሦስት የዛጉ ብስክሌቶች በጋሪ አስጭና መጣች።

«ወንበሩስ?» አልኳት።

«እማ፣ ሦስት ወንበር ይዤልሽ መጣሁ» ብላ ኮርቻዎቹን መታ መታ አደረገቻቸው።

ፈረንሳይ ሠራሽ የተራራ ብስክሌቶች ናቸው፤ እኔ ደብተር ይዤ ትምህርት ቤት ስመላለስ የተሠሩ። አሁን ሰባት ደርሰዋል። የእንግዳ ክፍላችን የእነሱ ሆነ፤ እንግዳ ከመጣ ኩሽና ነው የሚቀመጠው። መጀመሪያ አልተዋጠልኝም። ሴት ልጅ ገንዘቧን በአሮጌ ብረት ላይ ስትጨርስ የምታይ እናት ምን ትላለች? ቁልቁለቱንስ? መኪናውንስ? ወደዚያ ክፍል መግባት የጀመርኩት ጠላትን ለመሰለል ነበር ማለት እችላለሁ። በር ላይ ቆሜ አያለሁ። ቀስ በቀስ ጨርቅ አቀብላለሁ። አንድ ቀን ራሴን መሬት ላይ ተቀምጬ ካቴና በብሩሽ ስፈገፍግ አገኘሁት።

«ተመልከች» ትለኛለች ሚሊ። ጣቴን ይዛ የቴላዮው፣ የብስክሌቱ አጽም፣ ቱቦዎች በሚገናኙበት ቦታ ላይ ታስኬደዋለች። «የብየዳ እብጠት ይታይሻል? አይታይሽም። ነሐስ አቅልጠው አፍስሰው፣ አንድ ሰው ቁጭ ብሎ በሞረድ አለስልሶታል። ማንም የማያየው ቦታ እኮ ነው!» እውነቷን ነው። እንደ ሕፃን ክርን ለስላሳ ነው። የፍሬኑ መያዣ ትልቅ ነው፤ የሞተር ብስክሌት ይመስላል። ጭቃ መከላከያው ደግሞ የፖስተኛ ነው። «ያኔ የተራራ ብስክሌት ምን መምሰል እንዳለበት ገና አልወሰኑም ነበር» ትላለች። «እየገመቱ ነው የሠሩት። ሲገምቱ ግን በጥንቃቄ ነው።» ይህን ስትል ፊቷ ይበራል። እኔም ለሰው ባልናገርም ከሰባቱ አረንጓዴውን እወደዋለሁ። የወይራ ቅጠል ቀለም ነው፤ መቀመጫው ሥር ቀጭን የወርቅ መስመር አለችው፣ በእጅ የተሳለች። መስመሯ አንድ ቦታ ላይ ትንሽ ትንቀጠቀጣለች። ሠራተኛው ያን ቀን እንቅልፍ አጥቶ ይሆን እላለሁ።

ክፋቱ ልካቸው ነው። በድሮዎቹ ጊዜ ፈረንሳዮቹ የራሳቸው ልክ ነበራቸው፤ ከሌላ ቦታ የመጣ ብሎን አይገባላቸውም። የኋለኞቹ ደግሞ ወደ ሌላው ዓለም ልክ ተቀይረዋል። የሁለቱ መልክ አንድ ነው። ለምሳሌ የመሪው አንገት፣ ማለትም ከመሪው ወርዶ ከፊት ጎማው ጋር የሚያያይዘው ቱቦ፣ በድሮዎቹ ላይ ሃያ ሁለት ሚሊሜትር ነው። በኋለኞቹ ላይ ሃያ ሁለት ከሁለት ዐሥረኛ። የሁለት ፀጉር ያህል ልዩነት ነው። ወፍራሙ በጠባቡ አይገባም፤ ስለዚህ እሱ አያሳስትም። ቀጭኑ ግን በሰፊው ይገባል። ብሎኑ ሲጠብቅ የያዘ ይመስላል፤ ሜዳ ላይም ይይዛል። ቁልቁለት ላይ፣ በኃይል ሲታጠፍ፣ መሪው ይዞራል ጎማው ግን ወዳለበት ይሄዳል።

ይህን ያስተማረችኝ ራሷ ናት። ለዚህም ነው በዚያ ክፍል ውስጥ እንደ ሕግ የሚከበር ነገር ያለው። እያንዳንዱ ክፍል ሲመጣ ሦስት ጊዜ በካሊፐር፣ መንጋጋ ባለው መለኪያ፣ ይለካል፤ ልኩና የየትኛው ብስክሌት እንደሆነ በወረቀት ይጻፋል፤ ወረቀቱ በክር ይታሰራል። ከዚያ በኋላ ማንም አይለካውም። «የተለካ አይለካም» ትላለች። ሁሌ ከተጠራጠርን ሥራ አይወጣም ባይ ናት። በየወሩ የሚገናኙት አምስቱ የአሮጌ ብስክሌት ሰብሳቢዎችም ይህን ያውቃሉ። ዕቃ ሲለዋወጡ ሌሎቹን ሁሉ ያስለካሉ፤ ከሚሊ እጅ የመጣውን ግን አያስለኩም።

ከአምስቱ አንዱ ፋርማሲስቱ ነው። ከቁመቱ የተነሳ በራችንን ጎንበስ ብሎ ነው የሚያልፈው። ሁለት ትንንሽ ሴት ልጆች አሉት። አረንጓዴውን ባየው ቁጥር እንደ በግ ገዥ ዙሪያውን እየዞረ ይዳብሰዋል። አንድ ቀን ከኪሱ ትንሽ ብልቃጥ አውጥቶ ሰጠኝ።

«እናታችን፣ ይቺ ለእርስዎ ናት። ለሚያልፍ ጭንቀት።»

«ለማያልፈውስ?» አልኩት።

«እሱን እንኳ እኔም እየፈለግኩ ነው» ብሎ ሳቀ። ከፍቼ ባየው የማር ከረሜላ ነው።

ሐሙስ ዕለት ሁለት የመሪ አንገቶችን በነጭ ጋዝ አጠብኩ። አንዱ የአረንጓዴው፣ የኋለኛው ነው፤ ሌላው የቀዩ፣ የድሮው። ሚሊ ሥራ ላይ ነበረች። ክሩን መፍታት ሰነፍኩና ወረቀቱን ሳልፈታ ነከርኳቸው። ሳወጣቸው ቀለሙ ጋዙ ውስጥ ሟሙቶ ወረቀቱ ሰማያዊ ሊጥ ሆኗል። ደነገጥኩ፤ ግን ብዙ አልደነገጥኩም። ጭረት ያለበት የአረንጓዴው መሆኑን አውቃለሁ ብዬ ነበር። አዲስ ወረቀት ቆረጥኩ። የእሷን አጻጻፍ አስመስዬ፣ የቁጥር 2ን ጭራ የምትጠቀልልበትን ሳይቀር፣ ጻፍኩና አሰርኩ። አልነገርኳትም። «ሳልፈታው ነከርኩት» ማለት አሳፈረኝ። ለአንድ ወረቀት ብዬ ምን አስጨነቀኝ አልኩ፤ እኔ፣ በሁሉ የምጨነቀው ሴትዮ።

ዓርብ ማታ አረንጓዴውን ገጣጠመችው። ቅዳሜ ስምንት ሰዓት ላይ ግቢው ውስጥ አወጣችው። አንድ ብስክሌት ከቤት ከመውጣቱ በፊት ከፊቱ ትቆማለች፤ ጎማውን በሁለት ጉልበቷ መሃል ትይዝና መሪውን ለመጠምዘዝ ትታገላለች። ካልዞረ ይሄዳል። ያን ቀንም ልትቆም ነበር። እኔ ደግሞ በሰማዩ በኩል ጥቁር ነገር አይቻለሁ።

«ልጄ፣ ዝናቡ ሳይቀድምሽ ውጪ። መንገዱ ከረጠበ ያልቅልናል።»

«አንድ ደቂቃ እማ።»

«ምን አንድ ደቂቃ! ትናንት ስታጠብቂው ነው ያመሸሽው። ሂጂ፣ ወይ ደግሞ ቅሪ፤ ብትቀሪ ደስታዬ ነው።»

«ይኸው ሄድኩልሽ!» አለችና ሳቀች። በሩን የከፈትኩላት እኔ ነኝ።

ሳህኑን ጨርሼ፣ ልብስ አጣጥፌ፣ ዐሥር ሰዓት አካባቢ የክፍሉን መስኮት ልዘጋ ገባሁ። ዝናቡ እስከዚያ አልመጣም፤ ነፋሱ ግን ጀምሮ ነበር። የብስክሌቶቹ ካቴናዎች በነፋሱ ቅጭልጭል ይላሉ። መደርደሪያው ላይ የቀዩ አንገት በጨርቅ ተጠቅልሎ ተቀምጧል፤ የእኔ ወረቀት ተንጠልጥሎበታል። «22፤ ቀዩ» ይላል። ጨርቁ ተገልጦ ነበርና ላለብሰው አነሳሁት።

ጭረቱ እሱ ላይ ነበር። ከሥር በኩል፣ እስከ ግማሽ የሚሄድ ጥልቅ ጭረት። ሌላኛውም ጭረት ነበረው ማለት ነው፤ ሐሙስ ያየሁት የዚያን ነው። ሁለቱም የተጫሩ መሆናቸውን አላሰብኩም።

ያኔ ነው መሪው ወደ ጎን ሲያይ በዓይነ ልቦናዬ የታየኝ።

ካሊፐሩን ከግድግዳው አወረድኩ። መንጋጋውን አንገቱ ላይ ገጠምኩ፤ እንዳስተማረችኝ ሳልጫን፣ እንዲሁ እንዲነካ አድርጌ። ሃያ ሁለት ከሁለት። መነጽሬን ጠረግኩና እንደገና። ሃያ ሁለት ከሁለት። ወደ መስኮቱ ወሰድኩት። አራት ጊዜ ለካሁት። ወፍራሙ በእጄ ነው። ቀጭኑ ከልጄ ጋር ተራራ ወጥቷል።

ሰብሳቢዎቹ የሚገናኙት ከተማው ጫፍ፣ ተራራው ላይ ያለው ማማ ሥር ነው። ሽቅብ ወጥተው ሻይ ይጠጣሉ፣ ይተያያሉ፣ ከዚያ እስከ ድልድዩ ይወርዳሉ። መንገዱ ሰባት መታጠፊያ አለው። ሰባቱንም አውቃቸዋለሁ፤ ሌሊት ተኝቼ ስንት ጊዜ ወርጄባቸዋለሁ።

ደወልኩ። አታነሳም። ብስክሌት ላይ ስትሆን ስልኳን ቦርሳ ውስጥ ነው የምትከተው። እንደገና ደወልኩ። የሌሎቹ ሰብሳቢዎች ቁጥር የለኝም። ከዚያ ባለቤቴ ጋ ደወልኩ። ማተሚያ ቤት ነው የሚሠራው፤ ከኋላው ማሽኑ ይጮሃል።

«ዛሬ ደግሞ ማን ሞተ?» አለኝ።

«ስማኝማ፣ የሚሊ ብስክሌት...»

«ተሰረቀ?»

«አልተሰረቀም፣ አንገቱ...»

«የማን አንገት? አይሰማኝም እኮ! ወረቀት ገብቶልኝ ማሽኑን ላቆመው አልችልም። ቀዝቃዛ ውሃ ጠጪና ቁጭ በይ፣ እሺ? ማታ ትነግሪኛለሽ።» ዘጋው።

አልፈረድኩበትም። ስንት ጊዜ ነው ለከንቱ የደወልኩለት።

በር ላይ ቆምኩ። ሄጄ እንዳልፈልጋት በየትኛው መንገድ እንደምትመጣ አላውቅም፤ ብንተላለፍስ? ባልሄድስ? አንድ ሰዓት ሙሉ ቆምኩ። ጣሪያው ላይ ቀይ መብራት ያለው መኪና ሲያልፍ እስኪታጠፍ በዓይኔ እከተለዋለሁ። የጎረቤት ልጅ በሩጫ ሲመጣ «ሊነግረኝ ነው» እላለሁ። በልቤ የምትቀበርበትን ልብስ መርጬላታለሁ፤ ይህን መጻፍ ያሳፍረኛል፣ ግን መርጬላታለሁ።

ዐሥራ አንድ ሰዓት ሲሆን ከመታጠፊያው ብቅ አለች። በእግሯ ነው። ብስክሌት ትገፋለች። አላነከሰችም፤ ልብሷ ላይ አቧራ የለም። ሮጬ አቅፌ ፊቷን፣ ክርኗን፣ ጉልበቷን ዳበስኩ።

«እማ! ምን ሆነሻል? በግ ነኝ እንዴ?»

«ስልክሽን ለምን አታነሺም?»

«ስልኩ ያለው ቦርሳዬ ውስጥ ነዋ። ይልቅ እዪው! እዪው እንጂ!»

የዚያን ጊዜ ነው የምትገፋው ብስክሌት ሰማያዊ መሆኑን ያየሁት።

«አረንጓዴውስ?»

«ለፋርማሲስቱ ሰጠሁት። ተለዋወጥን! እማ፣ ይህ እኮ የመጀመሪያው ዓመት ሥሪት ነው። አምስት ዓመት ሙሉ የፈለግኩት። አየሽ፣ ማርሹ የሚቀየርበትን እዪው። እስከ ዛሬ በሥዕል ብቻ ነው ያየሁት። ጎማው ተንፍሶ ነው እየገፋሁት የመጣሁት እንጂ በአየር ነበር የምመጣው።»

አተነፋፈሴ ተመለሰ። ልጄ አጠገቤ ናት፤ ሁለት እግሯ መሬት ላይ ነው። አንዲት ቅጽበት ምንም አላሰብኩም። ከዚያ አሰብኩ።

«እሱ የታለ?» አልኳት።

«ማን?»

«ፋርማሲስቱ።»

«እዚያው ማማው ሥር ትቼው መጣሁ። ለሰው ሁሉ ያሳየዋል፤ ዛሬ ቶሎ ይወርዳል ብለሽ ነው? እንደ ሙሽራ እኮ ነው የሆነው። በዚያው ወደ ቤቱ ይወርዳል።»

እዚህ ላይ መናገር ነበረብኝ። ቃሉ አፌ ውስጥ ነበር። እሷ ግን ሰማያዊውን ግድግዳው ላይ አስደግፋ እጄን ያዘችኝ።

«ምን እንዳለ ልንገርሽ? ገልብጦ ሲያየው፣ ‹ይህን ያጠበው ማነው? ከፋብሪካ ሲወጣ እንኳ እንዲህ አልነበረም› አለ። እናቴ ናት አልኩት። በሰው ሁሉ ፊት። ሌሎቹ ‹እንፈትሸው?› ቢሉት፣ ‹ከዚያ ቤት የወጣ አይፈተሽም› አለ። እማ፣ ይህን ሰማያዊ ያገኘሁት ባንቺ ነው።»

እጄ በእጇ ውስጥ ነበር። ዕድሜዬን ሙሉ «ይወድቃል፣ ይሰበራል፣ ይሞታል» ስል የኖርኩ ሴት፣ ያኔ ለመጀመሪያ ጊዜ ደጉን ማሰብ ጀመርኩ። ትልቅ ሰው ነው፣ አልኩ። ልጆች አሉት፤ ቀስ ብሎ ነው የሚወርደው። ብዙ ቆይቶ ሻይ ይጠጣል። ልጄ እስከ ማማው ድረስ ነድታው ምንም አልሆነችም፤ ምናልባትም ካሊፐሩን አሳስቼ አንብቤው ይሆናል። ነገ በደህና ቀን፣ ስትረጋጋ፣ እነግራታለሁ፤ እሷም ደውላ «አንዴ ላየው» ትለዋለች፤ ማንም ምንም አይሰማም። እንደዚህ ያለ ለስላሳ ሐሳብ ራሴ ውስጥ ገብቶ አያውቅም ነበር። ቁጭ ብዬ ሰማኋት። ምግብ አቀረብኩላት። እየበላች ስለ ማርሹ ነገረችኝ። ሳቅኩ እንኳ።

ጣሪያው ላይ የመጀመሪያው ጠብታ ሲወድቅ ሰዓቱን አየሁ። ዐሥራ አንድ ከሃያ አምስት ይላል። ቀጥሎ ዶፉ ወረደ።

«ሚሊ» አልኳት። «አረንጓዴው ላይ ያለው አንገት የቀዩ ነው።»

ጉርሻዋን እንደያዘች ቀረች። «ምን?»

«ሐሙስ ወረቀቱ ራሰብኝ። እኔ ነኝ የጻፍኩት። ለካሁት፤ ወፍራሙ እዚህ ነው።»

ተነስታ ወደ ክፍሉ ሮጠች፤ ካሊፐሩ ሲንኳኳ ሰማሁ። አንድ ጊዜ ብቻ ነው የለካችው። ስልኳን ይዛ ተመለሰች።

ፋርማሲስቱ ጋ ደወለች። አያነሳም። ሚስቱ ጋ ደወለች። ድምጿ እስከ እኔ ይሰማል፤ ሴትየዋ ደስ ብሏታል። «ሊወርድ ሲል ደውሎልኝ ነበር። ልጆቹ በረንዳ ላይ ቆመው ይጠብቁታል። ዝናቡ ይዞት ይሆናል፤ ሲገባ መደወልሽን ልንገረው?»

«ንገሪው» አለች ልጄ። ሌላ ምን ትላለች።

እንደገና እሱ ጋ ደወለች። እንደገና። አምስተኛው ላይ ተነሳ። ሌላ ወንድ ነበር፤ ከኋላው ዝናብና ሰው ይጮሃል።

«አንቺ የዚህ ስልክ ባለቤት ምኑ ነሽ?» አለ።

ልጄ ጫማዋን ሳታስር ወጣች።

ባለቤቴ በዝናብ በስብሶ መጣ። «እሺ፣ ማን ሞተ ነበር ያልሺኝ?» እያለ ነው የገባው፤ ፊቴን ሲያይ ኮቱን ሳያወልቅ ቁጭ አለ። ሁሉንም ነገርኩት። ከጋዙ ጀምሬ። አንድም ቀልድ አልተናገረም። ልጃችን ጋ ሲደውል «ሆስፒታል ነኝ» ብቻ ብላ ዘጋች። ሄጄ ላግዝ ቢልም እኔን ብቻዬን መተው ፈራ መሰለኝ፣ አልሄደም። ሁለታችንም የኩሽናው ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀመጥን። ልጄ የተወችው ሳህን ፊታችን ነበር፤ ማናችንም አላነሳነውም።

ሁለት ሰዓት ላይ መጣች። ፀጉሯ ከፊቷ ላይ ተጣብቋል። አልተቀመጠችም።

«ሦስተኛው መታጠፊያ ላይ ነው» አለች። «መሪውን አጥፏል። ጎማው ቀጥ ብሎ ሄደ። ከኋላው የነበረው ሰው አይቶታል፤ ‹መሪውን ወደ ውስጥ እስከ መጨረሻው አዙሮ ወደ ውጭ ሄደ› አለ። ትከሻው ተሰብሯል። ያ ምንም አይደለም። ጭንቅላቱን ነው የፈሩት። አልነቃም። እስከ ጠዋት እናያለን ነው የሚሉት።»

«ይነቃል» አለ አባቷ። «ጠንካራ ሰው ነው።»

«ብርድ ልብስ ልወስድ ነው የመጣሁት። ሚስቱ ብቻዋን ናት፤ ልጆቹን ጎረቤት ጋ ትታ ነው የመጣችው። እዚያ አድራለሁ።»

ወፍራሙን ብርድ ልብስ አመጣሁላት። ተቀበለችኝና ደረቷ ላይ ያዘችው። ከዚያ ሰዓቷን አየች፤ ሰዓቱን ፈልጋ ግን አይደለም።

«እማ፣ ስንት ሰዓት ላይ ነው ያወቅሽው?»

«አሁን ተያት፣ ልጄ» አለ ባለቤቴ።

«ስንት ሰዓት ላይ?»

መዋሸት እችል ነበር። ዝናቡ ሲጀምር አየሁት ብል ማን ያውቃል? ቤት ውስጥ ብቻዬን ነበርኩ።

«ዐሥር ሰዓት ላይ» አልኩ። «ደወልኩልሽ፤ አላነሳሽም።»

«እኔ ዐሥራ አንድ ላይ ገባሁ።»

«አዎ።»

«እሱ ከማማው የተነሳው ዐሥራ አንድ ከሩብ ላይ ነው። ሚስቱ የደወለላትን ሰዓት ስልኳ ላይ አሳይታኛለች።»

ባለቤቴ ጠረጴዛውን እያየ ነበር። ውጭ ከጣሪያው ጫፍ ውሃ ይንጠባጠባል።

«ደስ ብሎሽ ነበር» አልኳት። እውነቱም እሱ ነው። «በጣም ደስ ብሎሽ ነበር።»

ብትጮህብኝ ምናለ። ብትሰድበኝ። ብርድ ልብሱን ወደ ሌላኛው ክንዷ አዛወረችው። ለአባቷ «እንዳትጠብቁኝ» አለችው። እኔን ሳታይ ወጣች። እርጥቡ አስፋልት ላይ የእግሯ ድምፅ እየቀነሰ ሄደ፤ እስኪጠፋ አዳመጥኩት።

በሩ ላይ ቆሜ ቀረሁ። ልጄ ውጭ እያለች ይህን በር ቆልፌ አላውቅም። ስታመሽ ሶፋው ላይ እቀመጣለሁ እንጂ፣ አባቷ እየሰደበኝም ቢሆን።

«ዝጊው» አለኝ ከኋላዬ። ድምፁ ደክሟል። «ብርድ እየገባ ነው። ዛሬ አትመጣም።»

«ምናልባት...»

«አትመጣም አልኩሽ እኮ።»

መንገዱን አንድ ጊዜ አየሁት። ሰው የለበትም። በሩን ገፋሁት፤ እርጥበት አሳብጦት ነበርና በትከሻዬ ተጫንኩት። ከዚያ ቁልፉን አዞርኩ።